የቻይና የለውዝ ብስኩት በሀደራ ቡና ላይ፦ የጠባይ ጥናት

የዚህ ጥናት ርዕሰ ጉዳይ አንድ ብስኩት ነው። ክብ ነው፤ ውፍረቱ ከጣት አይበልጥም፤ መልኩ ወደ ወርቅማነት ያደላል፤ ፊቱ ሰንጠቅ ሰንጠቅ ያለ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ለውዝ ተጭናበታለች። ለውዝ ሲባል የሀደራ ሰው በዕብራይስጥ ሽቄዲም የሚለው ነው እንጂ ኦቾሎኒ አይደለም። አንዲት ብቻ መሆኗን አንባቢ ልብ ይበል፤ ጥናቱ በሙሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው።

ብስኩቱ የተጠናው በሀደራ ከተማ፣ ከጎንደርና ከትግራይ ገጠሮች ወደ እስራኤል በመጡ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ቤት፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለ ብስኩቱ እስከ ዛሬ የተጻፈው የአሠራር ጽሑፍ ሲሆን፣ የአሠራር ጽሑፍ ደግሞ አንድ የታወቀ ጉድለት አለበት፤ ብስኩቱ ከታኑር (ከመጋገሪያ ምድጃው) እንደወጣ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። «ቀዝቀዝ ሲል ይቅረብ» ብሎ ይዘጋል። ለማን ይቅረብ? እንግዳው ስንት ጊዜ እምቢ ካለ በኋላ ይውሰድ? ማን ቀድሞ እጁን ይዘርጋ? የመጨረሻው ብስኩት ምን ይሁን? ስለነዚህ ጉዳዮች አንዲት መስመር አልተገኘችም። ሊቃውንቱ ለምን እንደዘነጓቸው ለመገመት አያዳግትም፤ ቡና ላይ የጠራቸው የለም።

መረጃው የተሰበሰበበት ዘዴ ቀላል ነው። አጥኚው ተጠራ፤ ሄደ፤ ተቀመጠ። ናሙናው በዕጣ ሳይሆን በዝምድና የተመረጠ ነው። ተሳታፊዎቹ የጥናቱ ዓላማ አልተነገራቸውም፤ ቢነገራቸው ኖሮ ብስኩቱን ትተው ዶሮ ያርዱ ነበር፤ ውጤቱም በዚያው ይበላሽ ነበር።

ስለ ቦታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሀደራ በቴል አቪቭና በሃይፋ መካከል፣ በሜዲትራንያን ዳር ያለች ከተማ ናት። የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ከሊትዌንያና ከላትቪያ የመጡ አይሁድ ረግረግ ላይ ሰፈሩ፤ ወባ ፈጃቸው። ረግረጉን ለማድረቅ የተመረጠው መድኃኒት ባህር ዛፍ ነበር፤ ባሮን ኤድሞንድ ደ ሮትሺልድ ወጪውን ቻሉ፣ ዛፉ ተተከለ፣ ውሃውን መጠጠ። በዚያው ዐሥርት ዓመት ዳግማዊ ምኒልክም ይህንኑ ዛፍ አዲስ አበባ ላይ ያስተክሉ ነበር፤ እሳቸው ግን የፈለጉት ማገዶ ነው። እንግዲህ ይህ ዛፍ በአንድ አገር ረግረግ ሲያደርቅ በሌላው አገር እንጀራ ሲጋግር ኖሯል ማለት ነው። የሀደራው ባህር ዛፍ በአንድም ምጣድ ሥር እንዳልነደደ ሲነገራቸው እናቶቻችን የሚያሳዩት ፊት ከጥናቱ ወሰን ውጭ ቢሆንም ሳይመዘገብ መታለፍ የለበትም።

የሀደራ እሳት የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ባህሩ አፋፍ ላይ፣ በጠቅላይ ሚኒስትር ይስሃቅ ራቢን ስም የሚጠራው ኦሮት ራቢን የኤሌክትሪክ ማመንጫ ቆሟል፤ ረጃጅም ጭስ ማውጫዎቹ ከየትም ሰፈር ይታያሉ። ለዓመታት ከባህር ማዶ በመርከብ የመጣ የድንጋይ ከሰል ሲያነድ ኖሮ አሁን ወደ ጋዝ እየዞረ ነው። ማሽኑን አቀዝቅዞ የሚመለሰው የባህር ውሃ ሞቅ ያለ ስለሆነ፣ በብርዱ ወራት ሻርኮች ሙቀቱን ፈልገው ከማመንጫው አጠገብ ይሰበሰባሉ። ይህ በባህር ተመራማሪዎች የተረጋገጠ ነገር ነው። ስለዚህ ብስኩት ልትጋግር ታኑሯን የምትለኩስ የሀደራ እናት በተዘዋዋሪ መንገድ ሻርክም ታሞቃለች። የእኛ ሰው እንግዳ አቀባበል እዚህ ድረስ መዝለቁን የሚያሳይ ሌላ ከተማ አላጋጠመንም።

ብስኩቱ የቻይና ነው መባሉስ? በማካውና በጎረቤቷ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር የሚታወቀው የለውዝ ብስኩት ዋና ዱቄቱ ማሾ ነው፤ በእንጨት ቅርጽ ተጠቅጥቆ ይጋገራል፤ ሲነክሱት ወደ ዱቄትነቱ ይመለሳል። ሀደራ የደረሰው እሱ አይደለም። ሀደራ የደረሰው በአሜሪካ ቻይናውያን መጋገሪያ ቤቶችና ምግብ ቤቶች ያደገው፣ በስንዴ ዱቄት፣ በስኳርና በብዙ ስብ የሚሠራው ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ የሚያስቸግር ሐቅ አለ። በባህላዊው የቻይና ማዕድ ቤት ታኑር የለም። ቤት ውስጥ ይቀቀላል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ይጠበሳል፤ ብስኩት ግን ከመጋገሪያ ቤት ተገዝቶ ይመጣል። ስለዚህ የቻይና ብስኩት ቤት ውስጥ መጋገር የሚባለው ሙያ፣ ቻይናውያን በአብዛኛው ለሌላው ሕዝብ የተዉት ሙያ ነው።

የጎንደር ገጠርም ታኑር አልነበረውም። ዳቦ የሚጋገረው ኮባ ተነጥፎለት፣ ምጣድ ላይ ተደርጎ፣ ከላይ ተከድኖ፣ ፍሙ ከታችም ከላይም ተደርጎበት ነው። ቤተ እስራኤል በሰንበት እሳት ስለማያነድ የሰንበቱ ዳቦ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ መውጣት ነበረበት፤ በሥራው ውስጥ ሰዓት የሚባል ዕቃ ባይኖርም ያረፈደ ዳቦ ሲወራ አልተሰማም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ከአዲስ አበባ ሲበር ሰዎቹ የመጡት ባዶ እጃቸውን ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ነው። ምጣድ አልተሳፈረም። ኋላ በተሰጣቸው አፓርታማ ውስጥ ግን ታኑር ግድግዳው ሥር ቆሞ ጠበቃቸው። እንዲህ ሆኖ ነው ታኑር የማያውቀው የቻይና ማዕድ ቤትና ታኑር የማያውቀው የጎንደር ጓዳ ሀደራ ላይ፣ በአንድ ታኑር ውስጥ የተገናኙት።

«ቻይና» የሚለው ቃል ራሱ ቡናው ላይ ማብራሪያ ጠይቋል። ዘመድ ጥየቃ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው ቻይናን የሚያውቀው በመንገድ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በተመረቀው የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃና በ2015 ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ነው። አንዲት አያት የብስኩቱ አገር ሲነገራቸው «መንገዱን ጨረሰና ወደ ብስኩት ገባ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄው ከዘመን ቅደም ተከተል ጋር ይጋጫል፤ ብስኩቱ ከባቡሩ በብዙ ይቀድማል። ሆኖም ከመርካቶ ሐሜት ጋር ሲታይ አንድ ነገር ይጠቁማል። መርካቶ የቻይናን ዕቃ የሚያማው ቶሎ ይሰበራል ብሎ ነው። ይህ ብስኩት በዚህ ሐሜት የሚኮራ ብቸኛው ዕቃ ነው፤ በሁለት ጣት ሲይዙት ካልተሰበረ ስቡ አንሷል ማለት ነው።

ለውዟን በተመለከተ ግን ከጠበቅነው በላይ ቅርብ ዝምድና ተገኝቷል። በእስራኤል ሰሜን፣ ጌሸር ብኖት ያዕቆብ በሚባለው የቁፋሮ ሥፍራ፣ ወደ 780,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው አፈር ውስጥ የዱር ለውዝና ሌሎች ጠንካራ ፍሬዎች፣ ከመስበሪያ ድንጋዮቻቸው ጋር ተገኝተዋል። በዚህ አገር ሰው ለውዝ መስበር የጀመረው ሀደራ ከመቆርቆሯ፣ ቻይናም ከመባሏ በፊት ነው። ኦሪትም ለውዝን ታውቃለች፤ ያዕቆብ ልጆቹን ወደ ግብጽ ሲልክ ካስያዛቸው ገጸ በረከት ውስጥ ለውዝ አለ፤ የአሮን በትር ያፈራው ለውዝ ነው፤ የመቅረዙ ጽዋዎችም የተሠሩት በለውዝ አበባ አምሳል ነው። ቄሶቻችን ይህን በግዕዝ ሲያነቡ ኖረዋል፤ ዛፉን ግን ብዙዎቹ ያዩት እዚህ ከመጡ በኋላ፣ የዛፎች በዓል የሆነው ቱ ብሽቫት ሲደርስ በነጭ አበባ ተሸፍኖ ነው።

ከዚያ ለውዝ ተጉዟል። በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን የተጻፈ የቻይና መጽሐፍ ከፋርስ ስለሚመጣ ለውዝ ያወራል። ዛሬ ደግሞ ከዓለም ለውዝ አብዛኛው የሚበቅለው በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ነው። ብስኩቱ ላይ ተጭና ሀደራ የምትቀርበው ለውዝ ስለዚህ ከዚህ አካባቢ ወጥታ፣ በፋርስ በኩል ቻይና ደርሳ፣ አሜሪካ ላይ ብስኩት አግብታ የተመለሰች ናት። የመግቢያ ወረቀት ግን ማንም አልጠየቃትም፤ በዚህ ነጥብ ላይ አንዳንድ ተሳታፊዎች ረዘም ላለ ጊዜ ዝም ብለዋል።

ጥናቱን ለአደጋ ያጋለጠው የጠርሙሱ ጉዳይ ነው። ብስኩቱን ለውዝ ለውዝ እንዲሸት የሚያደርገው የጠርሙስ ፈሳሽ ቤንዛልዲሃይድ በሚባል ንጥረ ነገር የሚሸት ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ከለውዝ ሳይሆን ሀደራ ሚሽሚሽ ከምትለው ከአፕሪኮት ፍሬ አስኳል ነው። የቻይናው ማዕድ ቤትም ቢሆን በለውዝ ስም የሚጠቀምበት አብዛኛውን ጊዜ የዚሁ የአፕሪኮት አስኳል ነው። የተፈጨ ለውዝ ሊጡ ውስጥ የሚጨምር ሰው አለ፤ ዋጋውን አይቶ የሚተወውም አለ። እንግዲህ ብስኩቱ የቻይና መሆኑ የሚያጠራጥር፣ ሽታው የለውዝ ያልሆነ፣ ዱቄቱም አጠያያቂ ሆኖ ሲገኝ፣ ስሙን ይዞ የሚያቆመው አንድ ምስክር ብቻ ይቀራል። እሷም ከላይ የተጫነችው ናት።

የቀድሞው አሠራር የአሳማ ሞራ ያዛል። ይህ ዓረፍተ ነገር በጥናቱ ወቅት በየትኛውም ቤት ጮክ ተብሎ አልተነበበም። ሞራውን ለመተካት ታሪክ ሁለት ጊዜ ጣልቃ ገብቷል። መቅደላ በወደቀች በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1869፣ ሜዥ ሙሪዬስ የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ማርጋሪንን ፈለሰፈ፤ የቅቤ ምትክ የፈለጉት ሣልሳዊ ናፖሊዮን ነበሩ። በ1911 ደግሞ በአሜሪካ ክሪስኮ የሚባል የአትክልት ስብ ገበያ ላይ ዋለ፤ ሥጋም ወተትም ስላልነካው አምራቹ ለአይሁድ እመቤቶች ለይቶ ሲያስተዋውቀው ኖሯል። በሀደራ የሚገባው 200 ግራሙ የማርጋሪና ጥቅል ነው። ለጋ ቅቤ እንደሚሻል ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይክድም። ነገር ግን እንግዳ ዶሮ ወጥ በልቶ ቡና ላይ ሲደርስ ቅቤ የገባበት ብስኩት ማቅረብ ሥጋንና ወተትን ማገናኘት ይሆናል። ማርጋሪናው ብስኩቱን ፓርቬ፣ ማለትም ከሥጋም ከወተትም ያልሆነ፣ ያደርገዋል፤ ከሁሉም ጋር ይስማማል፤ በማንም ዘንድ ግን አይወደስም። ከቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ያለው አንባቢ ይረዳናል።

አሠራሩ አያከራክርም፤ ቶሎ እንለፈው። 2 ኮስ (ብርጭቆ) ፉርኖ ዱቄት በወንፊት ይነፋል። 1 ኮስ የተፈጨ ለውዝ፣ 1 ኮስ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይጨመርበታል፤ ማርጋሪናው ይታሽበታል፤ 1 እንቁላልና 1 የሻይ ማንኪያ የጠርሙሱ ፈሳሽ ይገባል። ብዙ አይታሽም፤ ብዙ የታሸ ሊጥ ዳቦ ይሆናል፣ የእኛ ሰው እጅ ደግሞ ዳቦ ነው የለመደው። ሊጡ በትንንሹ ይድቦለቦላል፤ በጣት ጫን ይባላል፤ የእንቁላል አስኳል ይቀባል፤ ለውዟ ትጫናለች። በ165 ዲግሪ ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ አለፍ ሲል ይወጣል። ስቡ ዱቄቱን ሸፍኖ እንዳይያያዝ ስለሚከለክለው ይፈረፍራል፤ ሶዳው ደግሞ ቀለሙን ያፈጥነዋል። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ሊጥም ቶሎ ይነፋል፤ እዚያ እጃቸውን ያስለመዱ እናቶች ሀደራ ባህር ዳር ላይ ምንም ማስተካከያ አያደርጉም፤ የሚያምር ይወጣላቸዋል። ለዚህ ሳይንሳዊ ማብራሪያ ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «እጅ ነው» የሚል ነው። የሀደራ አየር ግን በጣም እርጥብ ነው፤ ስኳር እርጥበት ስለሚስብ ያልተከደነ ብስኩት በማግስቱ ይለሰልሳል። ይህ ብስኩቱ በዕለቱ ማለቅ አለበት የሚል ግፊት ይፈጥራል። የጥናቱ ዋና ችግር የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ መጨረሻ ላይ «24 ብስኩት ይወጣዋል» ይላል።

ይህ ቁጥር ተራ መረጃ አይምሰል። እንግዳው ተቆጥሮ የሚመጣበት፣ ተቆጥሮ የሚቀርብለት፣ ተቆጥሮ የሚሄድበት ማኅበረሰብ እንዳለ አስቀድሞ ይገምታል። የእኛ ማዕድ የተሠራው በተቃራኒው ነው። ቆሎ በእፍኝ ይዘገናል፤ የአንዱ እፍኝ ከሌላው ይለያል፤ ማንም አይመዝነውም። ዳቦ ይቆረሳል፤ ቁራሹ ትንሽም ትልቅም ነው፤ ትልቁ የደረሰው ዕድሉ ነው። መሶብ ዙሪያ ስድስት ሰው ከአንድ እንጀራ ሲበላ እንጀራው ማን ምን ያህል እንደበላ አይመሰክርም፤ መሐሉ ሲራቆት ሁሉም አብሮ አራቆተው። ይሉኝታ የሚባለው ሥርዓት የሚያርፈው በዚህ አለመታወቅ ላይ ነው።

ብስኩቱ ይመሰክራል። 24 ክብ፣ 24 ለውዝ፣ ትሪ ላይ በረድፍ ተደርድረው ሲቀርቡ ከመካከላቸው አንዱ ሲነሳ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል። ሁለተኛ ሲነሳ ያነሳው ሰው ይታያል። ለውዟ ዐይን ሆና ታያለች፤ ሁሉም ትቆጥራለች ብሎ ያምናል። በጥናቱ የታዩት እንግዶች ብስኩቱ ከቀረበ በኋላ ከትሪው ይልቅ ግድግዳው ላይ ያለውን የኢየሩሳሌም ሥዕል ሲመለከቱ ተገኝተዋል።

የአቀራረቡ ሂደት እንዲህ ነው። አቦል ተቀድቶ ትሪው ይዞራል። እንግዳው «አይ፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁ» ይላል። ይህ አባባል ከበላውም ካልበላውም አንደበት እኩል ስለሚሰማ እንደ መረጃ አይቆጠርም። ባለቤቷ «በሞቴ» ትላለች። እንግዳው እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ባለቤቷ «አፈር ስሆን» ትላለች። እዚህ ላይ እንግዳው አንድ ብስኩት ያነሳል፤ ከዳር ያለውን፣ ከቀለሙ ትንሽ የከሰለውን፣ ለውዙ የተንሻፈፈውን መርጦ ነው። በጥናቱ ውስጥ ከመካከል ያለውን ቆንጆ ብስኩት ቀድሞ ያነሳ ዐዋቂ አልታየም። በዚህ ምክንያት ትሪው ሲዞር ቆይቶ መካከሉ ሳይነካ፣ ዙሪያው ብቻ ተሸርሽሮ ለጊዜው ይቆያል። የባህር ዳርቻ አጥኚዎች ይህን የመሸርሸር ዓይነት ያውቁታል።

ተጨማሪ ችግር የሚፈጠረው ባለቤቷ በክብር ልታጎርስ ስትነሳ ነው። ጉርሻ እርስ በርሱ የሚያያዝ ምግብ ይፈልጋል፤ እንጀራ ወጡን ጠቅልሎ ይይዛል። ይህ ብስኩት ግን በሦስት ጣት ተይዞ ወደ አፍ ሲሄድ መንገድ ላይ ይከፈላል፤ ግማሹ አፍ ይገባል፤ ግማሹ ነጠላ ላይ ይበተናል፤ ለውዟ ደግሞ አንገትጌ ውስጥ ትገባለች። ሽማግሌ አንገትጌ ውስጥ የገባች ለውዝ እንዴት እንደምትወጣ የሚደነግግ ሥርዓት አልተገኘም። ከታዩት ቤቶች በአንዱ ለውዟ እስከ በረካ ድረስ እዚያው ቆይታለች፤ ባለ አንገትጌውም ስለ አየር ሁኔታ ማውራታቸውን አላቋረጡም።

ሁኔታውን የሚያናጉት ሀደራ የተወለዱ ልጆች ናቸው። ከጊቫት ኦልጋ ወይም ከቤት ኤሊዔዘር ከወላጆቻቸው ጋር ይመጣሉ፤ ጫማ ያወልቃሉ፤ «ሻሎም ሳፍታ» (ሰላም አያቴ) ይሉና ከመካከሉ ያነሳሉ። እምቢታ አያውቁም። «ኦድ አሐት» ብለው ሌላ ይጠይቃሉ፤ ሲሰጣቸውም ይወስዳሉ። አንዳንዶቹ ለውዟን ብቻ ነቅለው ብስኩቱን ትሪው ላይ ይመልሱታል። ዐይኑ የወጣ ብስኩት በሕግ ፊት ምንድን ነው? ለሽማግሌ ማቅረብ ያሳፍራል፤ መጣል ነውር ነው፤ የቻይና የለውዝ ብስኩት ብሎ መጥራትም ከላይ እንደተመለከትነው መሠረት የለውም። በተግባር የሚሆነው ግን ጥናቱን አስገርሟል። ዐዋቂዎቹ ቀስ ብለው መጀመሪያ የሚበሉት እሱን ነው። ለውዝ የሌለው ብስኩት አይቆጠርም፤ የበላውም ሰው አልበላም። በአንድ ቤት ልጆቹ ለውዙን ሁሉ ለቅመው ወደ ውጭ በሮጡ ጊዜ ትሪው በአንድ ዙር ቡና አልቋል። ሽማግሌዎቹ በልጆቹ ሥነ ሥርዓት ማጣት በጣም አዝነው፣ እያዘኑ በልተዋል።

ለውዞቹ ባልተለቀሙበት ቤት ግን ሁልጊዜ አንድ ብስኩት ይቀራል። ከዚህ ውጭ የሆነ ቤት አልተገኘም። ባለቤቷ ለአንዱ ታቀርባለች፤ እሱ «ለእሷ ስጫት» ይላል፤ እሷ «ለአባ» ትላለች፤ አባ «እኔ ጥርስ የለኝም» ይላሉ፤ ጥርስ እንዳላቸው ሁሉም ያያል፤ ማንም አይናገርም። ትሪው ዞሮ ወደ ባለቤቷ ይመለሳል። ቶና ሲቀዳ እንደገና ይዞራል። የመጨረሻውን ብስኩት መብላት ከእሱ በፊት የተበሉትን 23 ብስኩቶች በሙሉ በላሁ ብሎ እንደመፈረም ይቆጠራል። ሁለት ጊዜ አንድ ሰው ሊያነሳው እጁን ሲዘረጋ ታይቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ እጁ መንገድ ቀይሮ የቡና ስኒ ይዞ ተመልሷል።

መፍትሔው የሚገኘው በር ላይ ነው። እንግዳው ጫማውን ሲያጠልቅ ባለቤቷ በናይለን ከረጢት የተቋጠረ ነገር ታመጣለች። «ለልጆቹ» ትላለች። ልጆች የሌሉት እንግዳም ይቀበላል። እዚህ ላይ እምቢታ አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም በደካማ ድምፅ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተቋጠረ ብስኩት አይታይም፤ ያልታየ ደግሞ አልተቆጠረም። ስለዚህ አሠራሩ የሚለው 24 ብስኩት ለአንድ ቡና የሚበቃ አይደለም። የሚያስፈልገው ለሚታየው መብል፣ ዘግይቶ ለሚነካው መካከል፣ በየቤቱ ለሚሄደው ቋጠሮ፣ ደግሞም ድንገት «በዚህ ሳልፍ ነው» ብሎ ለሚገባው ዘመድ ነው። በዚህ ከተማ ማንም ሰው በዚያ አልፎ አያውቅም፤ ሁሉም አስቦ ነው የሚመጣው።

ስሌቱን የሚያባብሰው የቤተ እስራኤል በዓል ሲግድ ነው። በሔሽቫን 29 ቀን ሕዝቡ ጾሞ ኢየሩሳሌም ይወጣል፣ ቄሶቹ ኦሪቱን ያነባሉ፣ ከሰዓት በኋላ ጾሙ ይፈታል። በዓሉ በእስራኤል ፓርላማ ሕግ ከ2008 ጀምሮ የመንግሥት እውቅና አለው። ከበዓሉ ወደ ሀደራ የሚመለስ ቤተሰብ ደግሞ የሌላውን ቤተሰብ ይዞ ነው የሚመለሰው። ለዚያ ምሽት የምትጋግር እናት ሊጡን አምስት ጊዜ ታበዛዋለች። አንዱ ሊጥ ወደ 280 ግራም ዱቄት ከያዘ፣ አምስቱ 1.4 ኪሎ ይሆናል።

1.4 ኪሎ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። በረቢዎቹ ሥርዓት ዱቄቱ ከ1.2 ኪሎ ገደማ ካለፈ ከሊጡ ኻላ (የካህኑን ድርሻ) መለየት ግዴታ ይሆናል፤ ወደ 1.67 ኪሎ ሲጠጋ በረከትም ይባልበታል። በመካከል ያለው መጠን ያለ በረከት ይለያል። በዚያ ላይ ሊጡ ውሃ አልተጨመረበትም፤ የታሸው በማርጋሪና፣ በእንቁላልና በጠርሙሱ ፈሳሽ ነው፤ ውሃ ያልተጨመረበት ሊጥ እንዴት እንደሚታይ ራሱን የቻለ ክርክር አለ። እናቶቻችን በአገራቸው ሳሉ ዳቦውን ወደ መስጊድ፣ ማለትም ወደ ቤተ እስራኤል ጸሎት ቤት፣ ይዘው ሄደው ቄሱ ይባርኩት ነበር፤ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። አንዲቱ ሴት ልጅ፣ ሀደራ ያደገችው፣ መላ አገኘች፤ ሊጡን ከፋፍሎ መሥራት። እያንዳንዱ ሊጥ ከልኩ በታች ይሆናል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ እናትየዋም ተቀበሉት። ሊጦቹ ለየብቻ ታሹ፤ ለየብቻ ተጋገሩ። ከዚያ እናትየዋ ከመደርደሪያው ላይ ትልቁን መሶብ አወረዱና ሁሉንም ብስኩት እሱ ውስጥ ገለበጡ፤ እንግዳ በትሪ በቁጥር ሲቀርብለት ማየት ስለሰለቻቸው ነው። ልጅቱ ጮኸች። በረቢዎቹ ሕግ ለየብቻ የተጋገሩ ነገሮች በአንድ ቅርጫት ከተሰበሰቡ ቅርጫቱ ያጣምራቸዋል፤ እንደ አንድ ሊጥ ይቆጠራሉ። መሶብ ቅርጫት ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ምሽቱን ሙሉ ክርክር ሆነ። አባ ቅርጫት ነው አሉ፤ ሳፍታ ቤት ነው አሉ። በመጨረሻ ብስኩቱ በሁለት መሶብ ተከፍሎ ቀረበ፤ እንግዶቹም ከየትኛው መሶብ ቀድመው እምቢ ማለት እንዳለባቸው ስላላወቁ፣ አጥኚው እስከተነሳበት ሰዓት ድረስ አንድም አልተነካም።